ማኅደር የለበሰው ስልክ

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ድጓ ያስተምራሉ። እኔ ደግሞ ንፋስ መውጫ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። በእኛ መደዳ አምስት የጥገና ሱቆች አሉ። አራቱ የወንዶች ናቸው፤ አምስተኛው የእኔ ነው። ደብረ ታቦር ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ስመለስ ሰው ሁሉ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ «ባለቤቱ የለም እንዴ?» ይለኝ ነበር። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ስል ስልኩን እየሰጠ ዓይኑን ግን ከእጄ ላይ አያነሳም። ይህ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ ሰው ለመደኝ፤ እኔም ዓይኑን ለመድኩት።

ያልለመዱት አባቴ ነበሩ። እሳቸው ነርስ ወይም አስተማሪ እንድሆን ነበር የሚመኙ። አንድ ቀን በማኅበር ላይ፣ እኔ ከጓዳ እያለሁ፣ አንድ ቄስ «ያች ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ብለው ሲጠይቋቸው ሰማሁ። አባቴ ጠላውን ቀመስ አድርገው «ከተማ ናት» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩ። ቄሱም ሌላ አልጠየቁ። እኔ ግን የያዝኩትን ሣህን ይዤ ጥቂት ጊዜ ከበሩ ኋላ ቆምኩ።

አባቴ ስልክ የያዙት ዘግይተው ነው፤ ሲይዙ ግን ደኅና አድርገው ያዙት። ዘመናዊ ስልክ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው ያመጡላቸው። አባቴ ከዜማው ሌላ የእጅ ሙያ አላቸው፤ ብራና ይፍቃሉ፣ መጽሐፍ ይደጉሳሉ፣ የመጽሐፍ መያዣ የቆዳ ማኅደር ይሰፋሉ። ስልኩ በመጣ በሳምንቱ ለእሱም ማኅደር ሰፉለት። ራሳቸው ያለፉት የፍየል ቆዳ፣ ድርብ፣ ውስጡ በጨርቅ የተለበጠ፣ ፊቱ ላይ መስቀል የታተመበት፣ በጠፍር ከአንገት የሚንጠለጠል። ለካሜራው በወስፌ ክብ ቀዳዳ አወጡለት፤ ክዳኑን ሲገልጡት ስክሪኑ ይታያል፤ ጀርባው ግን ጥብቅ ብሎ ከቆዳው ውስጥ ይቀራል። እውነት ለመናገር ያማረ ነበር። ያዩት ካህናት ሁሉ «ለእኔም እንዲህ ያለ ይስፉልኝ» እያሉ ይለምኗቸው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ከሱቄ ቀና ስል አባቴ ከጎረቤቴ የጥገና ሱቅ ሲወጡ አየኋቸው። ስልኩን ከማኅደሩ አውጥተው በእጃቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው ጨልሟል። ሲያዩኝ ደንገጥ ብለው ስልኩን ወደ ማኅደሩ መለሱና መጡ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባዬ። በደኅና ነው የመጡ?»

«ጨው ልገዛ» አሉ።

ጨውም በእርግጥ ገዝተው ነበር፤ በፌስታል ይዘውታል። ተሰናብተውኝ ወደ ገበያው ወረዱ። እኔ ከፊቴ የተፈታ ስልክ እንደተዘረጋ ጥቂት ጊዜ ሥራ መሥራት አቃተኝ። አባቴ ስልካቸው ተበላሽቶ ልጃቸውን አልፈው ከጎረቤት ገቡ። ጎረቤቴ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። «የመሪጌታ ስልክ በጣም ይግላል፤ ስታክ ያደርጋል፤ አንዳንዴም ራሱ ይዘጋል። ባትሪው ደክሟል፤ ቦርዱም ሳይነካ አልቀረም። አዲስ ቢገዙ ይሻላል አልኳቸው። አንቺ ሳታውቂ አይቀርም ብዬ ነበር።»

«አላውቅም» አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ሄድኩ። አባቴን ከደጅ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ንፋስ መውጫ አካባቢ ብርዱ እንዲህ ነው፤ ሰው ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሳልዞር ጠየቅኋቸው።

«አባዬ፣ ስልክዎ ተበላሽቶ ለምን ለእኔ አላሳዩኝም?»

«ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነው።»

«ለአገር ሰው ሁሉ የሚበቃ ጊዜ አለኝ፤ ለእርስዎ ነው ሥራ የሚበዛብኝ?»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እውነተኛውን ነገሩኝ። ለካስ ነገሩ ከሥራ መብዛት የከበደ ነበር።

አባቴን ድጓ ያስተማሯቸው መምህር በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ በታች ባለው ቆላ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ጾመ ድጓን፣ የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ እንደ እሳቸው አድርጎ የሚያዜም በዚያ አገር አልተረፈም ይላሉ አባቴ። ድጓ ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶች አሉት፤ ምልክቱ መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ ድምፁ ግን የሚገኘው ከመምህር አፍ ነው። አባቴ ይህን አስበው ከጥር በኋላ ወርደው ነበር፤ መምህራቸው እያዜሙ፣ እሳቸው በስንደዶ ምልክቱን እየጠቆሙ፣ ድምፁና ምልክቱ አብረው እንዲታዩ በቪዲዮ ሊቀርጹ።

«የመጀመሪያውን ሳምንት ዜማ ቀረጽን» አሉ አባቴ። «ቀትር ላይ ስልኩ እንደ ምጣድ ጋለ። ስክሪኑ ደበዘዘ፤ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የኔታ ግን አላዩም፤ ያዜማሉ። እሳቸውን ማቋረጥ ነውር መሰለኝ። በኋላ ስልኩ ጭራሽ ጠፋ። ሲበርድ ባበራው የመጨረሻው ቪዲዮ አልተቀመጠም። የኔታ ያን ሁሉ ደክመው ያዜሙት ጠፋ። ስነግራቸው ‹ፈቃዱ አይደለም› ብቻ አሉ። ልጄ፣ ይህን እንዴት ብዬ ለአንቺ ልንገርሽ?»

ያኔ ገባኝ። አባቴ ያፈሩት በእኔ ሙያ ብቻ አልነበረም፤ በመምህራቸው ፊት የደረሰባቸውንም አፍረው ነበር። «ይስጡኝ» አልኳቸው። ማኅደሩን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን ከማኅደሩ አውጥቼ ፈታሁት። ባትሪው አላበጠም፤ ሲለካም ደኅና ነው። ቦርዱ ንጹሕ ነው፤ ውሃ አልነካውም፤ የተቃጠለ ነገር የለም። ገጥሜ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩትና ቪዲዮ እንዲቀርጽ ለቀቅኩት። አርባ ደቂቃ ቀረጸ፤ ለብ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ በስውር ባትሪ የሚበላ የለም። ማክሰኞም ያው፤ ረቡዕም ያው። ጎረቤቴ «አልኩሽ፤ ቦርዱ ነው፤ አንዳንዴ ይደበቃል» አለኝ። እኔም ልቤ ወደ እሱ ማዘንበል ጀምሮ ነበር።

ያገኘሁት በሥራ ላይ ሳይሆን በመርሳት ነው። ረቡዕ ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ቀረጻውን ሳላቋርጥ፣ ቻርጀሩንም ሳልነቅል፣ ስልኩን ወደ ማኅደሩ ከተትኩት። ጠረጴዛ ጠረግሁ፣ መፍቻዎቼን ሰበሰብኩ፣ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ተጨዋወትኩ። በመጨረሻ ማኅደሩን ሳነሳ ቆዳው ሞቋል። በድርቡ ቆዳ፣ በጨርቁም ውስጥ አልፎ ሙቀቱ እጄ ላይ መጣ። ክዳኑን ገለጥኩት፤ ስክሪኑ ደብዝዟል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አባቴ እንደነገሩኝ ሁሉ።

ስልክ እንደ ኮምፒውተር ማራገቢያ የለውም። ሲሠራ ውስጡ ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በጀርባው በኩል ነው። ጀርባው ሲታፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ስልኩም እንዳይቃጠል ብሎ ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚዘገየው፣ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ያም ካልበቃው ራሱን ያጠፋል። ይህን ኮሌጅም ተምሬዋለሁ። ጎረቤቴም እኔም ያልተሳካልን ስልኩን ሁልጊዜ ከማኅደሩ አውጥተን ስለምናየው ነው። በንፋስ መውጫ ብርድ ቆዳው ብዙ አይጎዳውም፤ በስማዳ ቆላ ግን፣ በቀትር፣ ፓወርባንክ ተሰክቶበት ቪዲዮ ሲቀርጽ፣ ድርብ የፍየል ቆዳ ለብሶ ምን ይሁን?

ያን ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሱቁን ዘግቼ ስሄድ ብቻዬን እስቃለሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሐሳቡ መጣብኝ፤ ለአባቴ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ስልኩን ያጠፋው እርስዎ የሰፉት፣ ካህናቱ ሁሉ የሚመኙት ማኅደር ነው ልበል?

ቅዳሜ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳላለሳልስ ነገርኳቸው። አባቴ ማኅደሩን ከእጄ ተቀብለው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ቆዳው ነው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ይህ ቆዳ እኮ ብራናን ለልጅ ልጅ ያቆያል።»

«ብራና አይግልም፣ አባዬ።»

ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ መሰለኝ። «አስረጂ አለሽ?» አሉ። በድጓ ቤት እንዲህ ነው የሚባለው፤ የተናገርከውን በማስረጃ አቁም ማለት ነው።

«አለኝ። ነገ እናየዋለን።»

በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግቢው መካከል፣ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩን በማኅደሩ እንዳለ በበርጩማ ላይ አቆምኩት፤ ፓወርባንኩንም ሰካሁበት። አባቴ ከፊቱ ተቀምጠው አንድ ምዕራፍ አዜሙ። ምዕራፉ ሳያልቅ ምስሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሙቀቱን ቁጥር በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው፤ ቁጥሩን አላመኑትም። ስልኩን አውጥተው ጀርባውን በጉንጫቸው ነኩት። ወዲያው መለሱት። «ይፋጃል» አሉ።

እስኪበርድ ጠበቅን። ቀጥሎ ከማኅደሩ አውጥቼ፣ ፓወርባንኩን ነቅዬ፣ ከጎተራው ጥላ ሥር አቆምኩት። ያንኑ ምዕራፍ ደገሙት። ከዳር እስከ ዳር ሳይንቀጠቀጥ ቀረጸ። አባቴ አሁንም ጀርባውን በጉንጫቸው ነኩት፤ ይህን ጊዜ ግን ቶሎ አልመለሱትም። ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ «መርምረሻል» አሉ።

ይህ ቃል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ ተማሪ ሲያመሰግኑ ጎበዝ አይሉም፣ ብራቮም አይሉም። ዓመታት የተማረ ሰው እንኳ «መርምሯል» የሚባለው ስንት ጊዜ ነው! እኔ ግን ሰማሁት፤ በደጃችን፣ ስለ አንድ ስልክ።

«ያ ጎረቤትሽ ስልኩን ብቻውን አየው» አሉ ቀጥለው። «አንቺ ከነኑሮው አየሽው።»

እኔ የማኅደሩን ጀርባ ቆርጠው እንዲከፍቱት ልነግራቸው አስቤ ነበር። ሳልነግራቸው እሳቸው ቀደሙኝ። «መቆረጥ የለበትም» አሉ። «መጽሐፍም እኮ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ አይነበብም። ለመንገድ ይገባል፣ ለሥራ ይወጣል። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው የሳትኩት።» ቀና ብለውም «የትንሣኤ ሳምንት ሲያልፍ ወደ የኔታ እንወርዳለን» አሉ። እወርዳለሁ አላሉም። እንወርዳለን ነው ያሉት።

መንገዱ ደኅና ነው በተባለ ሳምንት ወረድን። በታች ጋይንት በኩል ዞረን ወገዳ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን፤ አውቶቡሱ ከሚሄድበት የሚቆምበት ይበልጣል። ወገዳ አድረን በማለዳ በእግር ቁልቁለቱን ተያያዝነው። የገብሱ አገር አልቆ የማሽላው ሲጀምር ጋቢያችንን አውልቀን በትከሻችን ጣልነው። የኔታ ጎጇቸው ደጃፍ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ጉልበታቸውን ሳሙ፤ እኔም ሳምኩ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁ፤ የመንገዱን ድካም ብቻ ጠይቀው ውሃ እንዲመጣልን አዘዙ።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ገና ሳይሞቅ እንጀምራለን። ስልኩ ከጥላው አይወጣም። ኔትወርክ እንዳይፈልግ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግሁት፤ የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ። ፓወርባንክ የሚሰካው ሲያርፍ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ረጅም ቪዲዮ አንቀርጽም፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ እናስቀምጣለን፤ ምንም ቢሆን የሚጠፋው ትንሽ እንዲሆን። ማቆሚያ አልነበረንም። አባቴ ከየኔታ ጎጆ የመጽሐፍ አትሮንስ አምጥተው ስልኩን በላዩ በጠፍር አሰሩልኝ፤ ከገበያ ከሚገዛው ይልቅ ጸንቶ ቆመ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዜማሉ። አባቴ መጽሐፉን ዘርግተው በስንደዶ ምልክቱን ይከተላሉ። ያን ድምፅ እንዴት አድርጌ እንደምገልጸው አላውቅም። ሰውነታቸው ከቁርበቱ እምብዛም አይበልጥም፤ ድምፃቸው ግን የጎጆውን ደጃፍ ሞልቶ ይተርፋል። እኔ ግን ድምፁን ብቻ መስማት አልቻልኩም፤ እጄ በስልኩ ጀርባ ላይ ነው።

ቀትር ሲቃረብ ዋርካው ሥር እንኳ አየሩ ሞቀ። ስልኩ በእጄ ሥር ይግል ጀመር። ምስሉ አንዴ ዘለል አለ። የኔታ በዜማው መካከል ናቸው። አባቴ አዩኝ፤ ዓይናቸው «እንዳታደርጊው» ይላል። ስላለፈው ጊዜ የነገሩኝ ትዝ አለኝ፤ ያኔም እሳቸው ለማቋረጥ አፍረው ነው የጠፋው።

«ይቅርታ የኔታ፣ ይቁሙልኝ» አልኩ።

ዜማቸውን አቁመው ዓይናቸውን ገለጡ። «ማነው ያቋረጠኝ?»

አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ግን ቀና ብዬ መለስኩ። «እኔ ነኝ የኔታ። ስልኩ ግሏል። አሁን ካላረፈ ያዜሙትን ያጠፋብናል።»

«ከእኔ ቀድሞ ደከመ?»

«አዎ የኔታ።»

ሳቃቸው መጣ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲያው ገና ጎበዝ ነኛ! ይረፍ፣ ይረፍ። እኔም ልረፍ» አሉ። አባቴ በዚያ መካከል ተደናግጠው ውሃ በጣሳ ይዘው መጡ። «ልርጭበት?»

«አይሆንም አባዬ! ውሃ ከገባበት ያኔ በእውነት ይሞታል። ነፋስ ይበቃዋል።»

ጣሳውን ለየኔታ ሰጧቸው። የኔታም ጠጥተው አፋቸውን ጠርገው ወደ እኔ አቅጣጫ ፊታቸውን መለሱ። «መሪጌታ፣ ይህች ሴት የምን ባለሙያ ናት?»

አባቴ ቆመው ነበር። እንደ ተማሪ እጃቸውን አጣጥፈው መለሱ። «ልጄ ናት የኔታ። ንፋስ መውጫ ላይ ስልክ ትጠግናለች፤ የራሷ ሱቅ አላት። ያን ጊዜ የደከሙበት ዜማ የጠፋበትን ምክንያት ያወቀች እሷ ናት። ባለሙያ ሁሉ ስልኩ አልቋል ሲለኝ እሷ መርምራ አገኘችው። ጥፋቱ የስልኩ አልነበረም፤ እኔ የሰፋሁት ማኅደር ነው ያፈነው።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅህን ደኅና አድርገህ አስተምረሃል» አሉ።

«ከእኔ አልተማረችም» አሉ አባቴ። «ራሷ ነው የተማረችው።»

እኔ ፊቴን ወደ ስልኩ አዙሬ ነበር። ስልኩ በርዶ ነበር፤ እኔ ግን ገና እየበረደ እንዳለ አስመስዬ ትንሽ ቆየሁ፤ ፊቴ እስኪመለስልኝ።

በሦስት ቀን ጾመ ድጓውን ጨረስን። ስልኩ ሁለት ጊዜ ዳግም ጋለ፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቆምኳቸው፤ ማንም አልተቆጣኝም። ሦስተኛው ቀን ሲመሽ የኔታ «እስቲ አሰሙኝ» አሉ። በሕይወታቸው የራሳቸውን ድምፅ ተቀርጾ ሰምተው አያውቁም ነበር። ስልኩን ጆሯቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። መጀመሪያ ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ በጣታቸው ቁርበቱን እየመቱ መከተል ጀመሩ። ብዙ ሰሙ። በድንገት እጃቸውን አነሱ።

«እዚህ ላይ ቁሚ።»

አቆምኩት።

«ይህች ላይ ስቻለሁ። ድምፁን ቀድሜ ጣልኩት።»

አባቴ መጽሐፉን ገልጠው አዩ፤ ደጋግመው አዩ። «የኔታ፣ እኔ ስሕተት አላየሁም» አሉ።

«አንተ አላየህም፤ እኔ ሰማሁት። ነገ ትደገማለች። ሰው ከእኔ ስሕተቴን ወርሶ እንዲቀር አልፈልግም።»

ጓዛችንን ለመንገድ ሸክፈን ነበር። ፈታነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ያችን አንዲት ክፍል እንደገና አዜሙ። እኔም ቀረጽኩ። ስልኩ ለብ እንኳ አላለም። የኔታ እንደገና አስከፍተው አደመጡና «አሁን ሆነች፤ የፊተኛዋን አጥፊያት» አሉኝ። አባቴን አየኋቸው፤ በዓይናቸው «አጥፊ» አሉኝ። አጠፋኋት። ከዚያ ጉልበታቸውን ስመን ዳገቱን ወደ ወገዳ ጀመርን፤ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ስልኩ ከእኔ ጋር።